ያረጁና የሚያዘገዩ የቅንብር ፍተሻዎችን ከሶፍትዌር ግንባታ ማራገፊያ መመሪያ

ፕሮግራምን ከምንጭ ኮዱ መገንባት የለመደ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ‹ኮንፊገር› የተባለውን ስክሪፕት ሲያስነሣ ተርሚናሉ ላይ ጥያቄዎች መውረድ ይጀምራሉ። የሲ ኮምፓይለሩ ይሠራል? የስታንዳርድ ሄደሮቹ አሉ? ኮምፓይለሩ ‹ኮንስት› የሚለውን ቃል ያውቃል? መልሱ አዎ፣ አዎ፣ አሁንም አዎ ነው። ጥያቄው ሲያበቃ እውነተኛው ግንባታ ይጀምርና ብዙ ኮር ያለው ማሽን ሥራውን ከጥያቄው ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል።

ይህ መመሪያ እንዲህ ዓይነት ፕሮጀክት በእጁ ላለ ሰው ነው፤ ራሱ ጀምሮት ይሁን ከሌላ ሰው ተረክቦት ልዩነት የለውም። ትኩረቴ ኮንፊገርን በሚያመነጨው መሣሪያ፣ በኦቶኮንፍ ላይ ነው፤ ሌሎቹን የግንባታ መሣሪያዎች፣ ሲሜክንና ሜሶንን፣ ወደ መጨረሻው አነሣቸዋለሁ። የፋይልና የትእዛዝ ስሞችን እንደሚነበቡ አድርጌ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ስትተይቡ ወደ ላቲን ፊደል መልሷቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። ሰዎች ስለ እነዚህ ፍተሻዎች ሲያማርሩ የሚያነሡት መዘግየታቸውን ነው። መዘግየቱ እውነት ነው፤ እኔን ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ያረጀ ፍተሻ የተሳሳተ መልስ የሚሰጥ መሆኑ ነው። የዘገየ ፍተሻ ሰከንዶች ይወስድባችኋል። የተሳሳተ ፍተሻ ደግሞ የፕሮግራማችሁን አንድ ክፍል ሳይነግራችሁ ያጠፋዋል።

ፍተሻዎቹ ከየት መጡ

ለማጥፋት የምትነሡበትን ነገር መጀመሪያ ለምን እንደተፈጠረ እወቁ። ዴቪድ ማኬንዚ እ.ኤ.አ. በ1991 ኦቶኮንፍን ሲጀምር ሳን፣ ኤችፒ፣ አይቢኤም፣ ዲጂታልና ሲሊከን ግራፊክስ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዩኒክስ ይሸጡ ነበር። የመጀመሪያው የሲ ስታንዳርድ ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር፤ ብዙ ኮምፓይለሮችም አልደረሱበትም። በሳን ኦኤስ 4.1.3 ላይ የማስታወሻ ቁራጮችን የሚያወዳድረው ‹ሜምሲኤምፒ› ከ127 በላይ የሆኑ ባይቶችን አሳስቶ ያወዳድር ነበር። በአንዳንድ ሥርዓቶች የሲግናል ተቀባይ ፈንክሽን ምንም አይመልስም፤ በሌሎቹ ኢንቲጀር ይመልሳል።

የኦቶኮንፍ መልስ ብልህ ነበር፤ የማሽኑን ስም ትቶ ችሎታውን ይጠይቃል። ትንሽ የሙከራ ፕሮግራም ይጽፋል፣ ለኮምፓይለሩ ይሰጣል፣ አንዳንዴም ያስኬደዋል፣ ውጤቱን መዝግቦ ፋይሉን ይሰርዛል። ይህ አካሄድ ዛሬም ትክክል ነው። የተበላሸው ጥያቄዎቹ ሳይከለሱ ከፕሮጀክት ወደ ፕሮጀክት እየተቀዱ ሠላሳ ዓመት መቆየታቸው ነው። ‹ኦቶስካን› የተባለው መሣሪያም አስተዋጽኦ አድርጓል፤ ምንጭ ኮዱን አይቶ ሊያስፈልጉ ይችላሉ ያላቸውን ፍተሻዎች ይዘረዝራል፣ ሰውም ዝርዝሩን ሳያጣራ እንዳለ ይለጥፈዋል።

ደረጃ 1፦ ሳትነኩ ለኩ

ንጹሕ የግንባታ ማውጫ ፍጠሩና ‹ታይም› የሚለውን ትእዛዝ ከፊት አድርጋችሁ ኮንፊገርን አስኪዱ። ቀጥሎ ግንባታውን የሚያካሂደውን ‹ሜክ›ን በኮሮቻችሁ ቁጥር ልክ በትይዩ አስኪዱና ጊዜውን ያዙ። የሚያስፈልጓችሁ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው።

ቁጥሮቹ ለምን እንደሚራራቁ በምሳሌ እናስላ። አንድ ስክሪፕት 400 ፍተሻ ቢኖረውና እያንዳንዱ 40 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ፣ በድምሩ 16 ሰከንድ ይሆናል። እውነተኛው ኮድ በአንድ ኮር 64 ሰከንድ ይፈጃል እንበል፤ ወደ 16 ኮሮች ስታሰፉት 4 ሰከንድ ይሆናል። ፍተሻው ግን ተራ በተራ ስለሚሄድ ያው 16 ሰከንድ ነው። ከ20 ሰከንዱ 16ቱ፣ ማለትም 80 በመቶው፣ በጥያቄ አለቀ። ተከታታይ የፍተሻ አገልጋይ (ለውጥ በገባ ቁጥር ፕሮጀክቱን ገንብቶ የሚሞክር ማሽን) ይህን በቀን 100 ጊዜ ቢደግመው ወደ 27 ደቂቃ ለጥያቄ ብቻ ይሄዳል።

እያንዳንዱ ፍተሻ ፋይል ይጽፋል፣ ሼሉ አዲስ ፕሮሰስ ያስነሣል፣ ኮምፓይለሩም በበኩሉ አሰምብለርና ሊንከር ያስነሣል። ፕሮሰስ ማስነሣት ውድ በሆነበት አካባቢ፣ በተለይ በዊንዶውስ ላይ ዩኒክስ መሰል አካባቢ በሚፈጥረው በሲግዊን ሥር ስትሠሩ፣ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

የትኛው ፍተሻ እንደሚያዘገይ ለማወቅ የኮንፊገርን ውጤት ‹ቲኤስ› ወደተባለው ትንሽ መሣሪያ አስተላልፉት፤ ‹ሞርዩቲልስ› በተባለው ጥቅል ውስጥ ይገኛል። ሰረዝ አይ የሚለውን አማራጭ ስትሰጡት ከቀደመው መስመር ወዲህ ያለፈውን ጊዜ በየመስመሩ ፊት ይጽፋል። ኮንፊገር መስመሩን የሚዘጋው መልሱን ሲያገኝ ስለሆነ፣ የምታዩት ጊዜ የዚያው የፍተሻው ጊዜ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው ጥቂት ከባድ ፍተሻዎችና በመቶ የሚቆጠሩ ቀላል ፍተሻዎች ናቸው፤ ድምሩን የሚያከብዱት ደግሞ ቀላሎቹ ናቸው።

በመጨረሻ መልሶቹ የተጻፉበትን ‹ኮንፊግ ዶት ኤች› እና የፍተሻዎቹን ዝርዝር መዝገብ ‹ኮንፊግ ዶት ሎግ› ወደ ሌላ ቦታ ቅዱ። ቀጥሎ የምታደርጉት ለውጥ ሁሉ የሚመዘነው በእነዚህ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ምን እንዳጠፋ የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም።

ደረጃ 2፦ መልሱን ማን እንደሚያነብ ፈልጉ

ትልቁ ማጽዳት ያለው እዚህ ነው። ኮንፊገር መልሶቹን ‹ሃቭ› በሚል ቃል በሚጀምሩ ምልክቶች አድርጎ ኮንፊግ ዶት ኤች ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። የምልክቶቹን ዝርዝር አውጡና እያንዳንዱን በምንጭ ኮዱ ሁሉ ውስጥ በ‹ግሬፕ› ፈልጉ። አጭር የሼል ዑደት በደቂቃ ውስጥ ይጨርሰዋል። በሥራ ላይ ባለ አሮጌ ፕሮጀክት ላይ ይህን ስታደርጉ፣ ማንም የማያነባቸውን መልሶች ብዛት አይታችሁ ትገረማላችሁ። አንድ ሰው ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ፈንክሽን ተጠቅሞ ፍተሻ ጨመረ፤ ሌላው በኋላ ፈንክሽኑን ከኮዱ አወጣ፤ ፍተሻው ቀረ።

ፍለጋው በሲ ፋይሎች ብቻ እንዳይወሰን ተጠንቀቁ። ምልክቱ በሜክፋይል ውስጥ እንደ ቅድመ ሁኔታ ሊያገለግል ይችላል። ከፕሮጀክቱ ጋር የተሸከማችሁት የሌላ ሰው ላይብረሪም ሊያነበው ይችላል። ከዚህ የሚረቅ አንድ ወጥመድ አለ፤ የኦቶኮንፍ የራሱ የሙከራ ፕሮግራሞች አንዳንድ የሄደር ፍተሻዎችን መልስ ይጠቀማሉ። ስለዚህ አንዱን ፍተሻ ስትሰርዙ የሌላው ውጤት ሊለወጥ ይችላል። ደረጃ 1 ላይ ያስቀመጣችሁት ፋይል የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ ከእያንዳንዱ ስረዛ በኋላ አዲሱን ከአሮጌው ጋር በ‹ዲፍ› አወዳድሩ። ልዩነቱ የሰረዛችሁት መስመር ብቻ መሆን አለበት።

ማንም የማያነበው መልስ ካለ ጥያቄውን የኮንፊገር ምንጭ ከሆነው ‹ኮንፊገር ዶት ኤሲ› ከተባለው ፋይል ሰርዙት። እዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም።

ደረጃ 3፦ ወለል ምረጡና ወለሉ የመለሰውን አትጠይቁ

የቀሩት ምልክቶች አንባቢ አላቸው። ግን የብዙዎቹ መልስ በየትኛውም ማሽን ላይ አንድ ነው። እዚህ የሚያስፈልገው ውሳኔ ነው፤ ፕሮጀክታችሁ ቢያንስ ምን ይፈልጋል? ወለል የምለው ይህን ነው። ለብዙ ፕሮጀክት የምመክረው ሲ99ን (የ1999ን የሲ ስታንዳርድ) እና የ2008ን ፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ሥርዓቶችን የጋራ ስታንዳርድ) ነው። ለአዲስ ፕሮጀክት ከሲ11 መነሣትም ይቻላል። የመረጣችሁትን በመግለጫ ፋይላችሁ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፤ ካልተጻፈ ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ሰው የሰረዛችሁትን ፍተሻ በቅን ልብ መልሶ ይጨምረዋል።

ወለሉ ከተጻፈ በኋላ የሚሰረዙትን ልዘርዝር። የስታንዳርድ ሲ ሄደሮች መኖራቸውን የሚጠይቀው ማክሮ (ፍተሻ የሚጠራበት የኦቶኮንፍ ትእዛዝ) ይሰረዛል። ‹ኮንስት› እና ‹ቮላታይል› የሚሉትን ቃላት ኮምፓይለሩ ያውቃል ወይ የሚሉት ጥያቄዎችም እንዲሁ፤ ሁለቱም በ1989 ስታንዳርድ ውስጥ አሉ። የሲግናል ተቀባይ ምን ይመልሳል የሚለው ጥያቄ መልሱ በዚያው ስታንዳርድ ተቆርጦ ያለቀ ነው፤ ምንም አይመልስም። የ‹ሜምሲኤምፒ›ን ትክክለኛነት የሚፈትነው ይውጣ። ‹ቪፕሪንትኤፍ› አለ ወይ፣ ማውጫ መዝጊያው ፈንክሽን መልስ ይሰጣል ወይ፣ የሰዓት ሄደሮቹን አንድ ላይ መጥራት ይቻላል ወይ የሚሉትም ይከተላሉ። ሚኒክስ የተባለውን ዩኒክስ መሰል ሥርዓት ለብቻው የሚፈልግ አሮጌ ማክሮ ካላችሁ እሱንም አንሡት።

ፍተሻውን ብቻ ሰርዛችሁ አታቁሙ። በምንጭ ኮዱ ውስጥ ያለውን «ይህ ከሌለ ያንን ተጠቀም» የሚል ቅርንጫፍና አብሮት የመጣውን ምትክ ፋይል አንድ ላይ አስወግዱ። ያ ቅርንጫፍ ለዓመታት ተሠርቶ፣ ተሞክሮም አያውቅም፤ ሲነበብ ግን በሥራ ላይ ያለ ኮድ ይመስላል። አዲስ ሰው ፕሮጀክቱን ለመረዳት ሲቀመጥ የሚያደክሙት እንዲህ ያሉ የሞቱ ቅርንጫፎች ናቸው። ከሰከንዶቹ ይልቅ ትልቁን ጥቅም ያየሁት እኔም እዚህ ላይ ነው።

መሰረዝ የሌለባቸው ደግሞ አሉ። በ32 ቢት ሥርዓቶች ላይ ከ2 ጊጋባይት በላይ ለሆኑ ፋይሎች የሚደረገው ፍተሻ ይቆይ። ከ2038 በኋላ ያለውን ጊዜ የሚመለከተው በኦቶኮንፍ 2.72 የተጨመረ ነው፤ ከሌላችሁ ጨምሩት። ብዙ ግንኙነቶችን በአንድ ጊዜ ለመከታተል የሚያገለግሉት ‹ኢፖል› በሊነክስ፣ ‹ኬኪው› በቢኤስዲ ቤተሰብና በማክ ላይ ስለሚገኙ ይህ ሕያው ጥያቄ ነው። ጽሑፍ የሚቀዳው ፈንክሽን ‹ስትርኤልሲፒዋይ› ደግሞ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል፤ በቢኤስዲዎች ላይ ለረጅም ጊዜ ሲኖር ወደ ግሊብሲ (ብዙ የሊነክስ ስርጭቶች ወደሚጠቀሙበት የሲ ላይብረሪ) የገባው በ2023 በወጣው 2.38 ስሪት ነው። መልሱ ዛሬም ከማሽን ማሽን ስለሚለያይ ፍተሻው ተገቢ ነው።

ደረጃ 4፦ የቀሩት ፍተሻዎች እውነት መናገራቸውን አረጋግጡ

ይህን ደረጃ በጥሞና አንብቡ፤ ከሁሉ በላይ የማስበው ለእሱ ነው።

ኮንፊገር «የሙከራ ፕሮግራሙ ካልተሠራ ነገሩ የለም» ብሎ ይደመድማል። ፕሮግራሙ በሌላ ምክንያት ቢወድቅም መደምደሚያው ያው ነው። በድሮ ሲ አንድን ፈንክሽን ሳያስታውቁ መጥራት ይቻል ነበር፤ ኮምፓይለሩ ቢያስጠነቅቅም ያልፈው ነበር። በእጅ የተጻፉ ብዙ የሙከራ ፕሮግራሞች በዚህ ልማድ የተሠሩ ናቸው። ‹ሜይን› ፊት ላይ የመመለሻ ዓይነት አይጻፍም፤ ‹ኤግዚት› ሄደሩ ሳይጠራ ይጠራል። በ2023 የወጣው ክላንግ 16 እና በ2024 የወጣው ጂሲሲ 14 የተባሉት ኮምፓይለሮች ይህን ስሕተት ብለው ሥራ ያቆማሉ። የአፕል ኮምፓይለርም ያልታወቀ ፈንክሽን መጥራትን ቀደም ብሎ፣ በ2020 ከኤክስኮድ 12 ጋር፣ ከልክሎ ነበር።

ውጤቱን አስቡት። ፈንክሽኑ በማሽኑ ላይ አለ። የሙከራ ፕሮግራሙ ግን በራሱ ጉድለት ይወድቃል፣ ኮንፊገርም «የለም» ብሎ ይጽፋል። ግንባታው ያለ አንዳች ስሕተት ያልቃል። ፕሮግራማችሁ ፈጣኑን መንገድ ትቶ በዝግተኛው ይሄዳል፤ ወይም ደግሞ የጥበቃ ክፍሉ ሳይገባበት ይወጣል።

ለመያዝ እንዲህ አድርጉ። አንድ ጊዜ በአሮጌ ኮምፓይለር፣ አንድ ጊዜ በአዲሱ ኮንፊገርን አስኪዱና ሁለቱን ኮንፊግ ዶት ኤች አወዳድሩ። የተለያየ መልስ የሰጠ ፍተሻ ሁሉ ይመርመር። ከዚያ ኮንፊግ ዶት ሎግን ክፈቱ፤ የወደቀው የሙከራ ፕሮግራም ሙሉ ጽሑፉና የኮምፓይለሩ መልእክት እዚያ አለ። መልእክቱ «ፈንክሽኑ አልተገኘም» የሚል ከሆነ ፍተሻው ሥራውን ሠርቷል። ስለ አልታወቀ አጠራር ወይም ስለ ጎደለ ዓይነት የሚናገር ከሆነ ግን የተበላሸው የሙከራ ፕሮግራሙ ነው። ትክክለኛውን ሄደር ጥሩለት፣ ለ‹ሜይን›ም ዓይነት ስጡት።

ሌላው የተለመደ ወጥመድ ማስጠንቀቂያን ሁሉ ስሕተት የሚያደርገውን የኮምፓይለር አማራጭ ለኮንፊገር መስጠት ነው። የሙከራ ፕሮግራሞች በባሕርያቸው ማስጠንቀቂያ ያስነሣሉ፤ ስለዚህ በጅምላ ይወድቃሉ። ያን አማራጭ ለሜክ ብቻ ስጡት።

ሳይናገር የሚወድቅ ፍተሻ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ዓለም በ2024 አይቷል። በማርች 29 ፕሮግራመሩ አንድሬስ ፍሮይንድ የኤክስዚ መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 ስሪቶች የተደበቀ የኋላ በር እንዳለባቸው ይፋ አደረገ። ጥቃቱን ወደ ግንባታው ያስገባው መስመር በማከፋፈያው ጥቅል ውስጥ ባለ የኤም4 ፋይል (የኦቶኮንፍ ማክሮዎች በሚጻፉበት) ላይ ነበር፤ በጊት ማኅደሩ ውስጥ አልነበረም። በዚያው ፕሮጀክት የሲሜክ ቅንብር ላይ ደግሞ ላንድሎክ የተባለው የሊነክስ መከለያ መኖሩን በሚጠይቀው የሙከራ ፕሮግራም ውስጥ አንዲት ነጥብ ተጨምራ ነበር። በዚያች ነጥብ ምክንያት ፕሮግራሙ በየትኛውም ማሽን ላይ ሊሠራ አይችልም ነበርና መከለያው ሁልጊዜ «የለም» ይባል ነበር። ግንባታው ግን ደኅና ይመስላል።

ከዚህ የሚወጣው ሥራ ግልጽ ነው። ደኅንነትን የሚነካ ነገር «ካለ ተጠቀም፣ ከሌለ ዝም በል» በሚል አይፈተሽ። ሦስት ምርጫ ስጡት፤ አብራ፣ አጥፋ፣ ራስህ ወስን። ተጠቃሚው «አብራ» ብሎ ፍተሻው ከወደቀ ኮንፊገር ስሕተት ጽፎ ይቁም። ጥቅል የሚያዘጋጁ ሰዎች «አብራ» የሚለውን እንዲጠቀሙ በመግለጫችሁ ላይ ንገሯቸው።

ደረጃ 5፦ ስክሪፕቱን በአዲስ ኦቶኮንፍ እንደገና አውጡ

ኦቶኮንፍ 2.69 የወጣው በ2012 ሲሆን 2.70 የመጣው በ2020 መጨረሻ ነው። በዚያ ረጅም ክፍተት የተነሣ ብዙ ፕሮጀክቶች የ2012ቱን ስክሪፕት ይዘው ቀሩ። ከ2.70 ጀምሮ ስለ ስታንዳርድ ሲ ሄደሮች የሚጠይቀው ማክሮ ጊዜው ያለፈበት ተብሏል፤ ኮምፓይለሩን የሚፈልገው ማክሮም ሲ11ን ራሱ ስለሚሞክር ለሲ99 የተለየ ማክሮ አያስፈልግም።

መጀመሪያ ‹ኦቶአፕዴት›ን በ‹ኮንፊገር ዶት ኤሲ› ላይ አስኪዱት፤ ያረጁ ማክሮዎችን በአዲስ ስም ይተካል። የሚሠራውን በጭፍን አትቀበሉት፤ አንዳንዴ አሮጌውን ማክሮ በረጅም አቻው ይተካዋል፣ ያ አቻ ደግሞ ደረጃ 3 ላይ ሰርዙት ያልኳችሁ ነገር ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ‹ኦቶሪኮንፍ›ን ያረጁ ነገሮችን እንዲያስጠነቅቅ አድርጋችሁ በሰረዝ ኤፍ እና በሰረዝ አይ አማራጮች አስኪዱት። 2.70 በአራት ማዕዘን ቅንፍ አጠቃቀም ላይ ከቀድሞው ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ ቅንፍ የጎደለበት ማክሮ ከዚህ ቀደም ቢሠራም አሁን ሊሰበር ስለሚችል ያኔ ቅንፉን አሟሉ።

እግረ መንገዱን ‹ኮንፊግ ዶት ጌስ› እና ‹ኮንፊግ ዶት ሰብ› ይታደሳሉ። እነዚህ የማሽኑን ዓይነት የሚለዩ ፋይሎች ናቸው፤ አሮጌዎቹ 64 ቢት አርምን ወይም ሪስክ ፋይቭን ስለማያውቁ ገና ከበሩ «ማሽኑን አላወቅሁትም» ብለው ይቆማሉ።

ላይብረሪዎችን ለመገንባት የሚያግዘውን ‹ሊብቱል›ንም አትርሱ። የ1.5 ተከታታይ ስሪቶቹ ፕሮጀክቱ ንጹሕ ሲ ቢሆንም እንኳ የሲ++ እና የፎርትራን ኮምፓይለር ይፈልጉ ነበር። የሲ ፕሮግራም ስትገነቡ ስለ ፎርትራን የሚጠይቅ መስመር ካያችሁ የያዛችሁት ሊብቱል በጣም አሮጌ ነው።

ደረጃ 6፦ መሸጎጫውን በጥንቃቄ ተጠቀሙ

ኮንፊገርን በሰረዝ ትልቁ ሲ ስታስነሡት መልሶቹን ‹ኮንፊግ ዶት ካሽ› በተባለ ፋይል ያስቀምጣል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ከዚያ ያነባል። ኮንፊገር ዶት ኤሲን እየደጋገመ ለሚያስተካክል ሰው ትልቅ እረፍት ነው። ብዙ ፕሮጀክት በተከታታይ የምትገነቡ ከሆነ ደግሞ የጋራ መልሶችን ‹ኮንፊግ ዶት ሳይት› ውስጥ ጽፋችሁ አድራሻውን በአካባቢ ተለዋዋጭ መስጠት ትችላላችሁ። ለሌላ ዓይነት ማሽን ስትገነቡ ይህ ከምቾት አልፎ አስፈላጊ ይሆናል፤ የሙከራ ፕሮግራሙን እዚያው ማስኬድ ስለማይቻል መልሱን ራሳችሁ መስጠት አለባችሁ።

መሸጎጫው በነባሪ የተዘጋው ግን በምክንያት ነው፤ ያረጀ መሸጎጫ ሳይታወቅ ሥራ ላይ እየዋለ ሰዎችን ያሳስት ነበር። የኮምፓይለሩን ስም ወይም የተለመዱ አማራጮቹን ብትቀይሩ ኮንፊገር ያውቅባችኋል፤ ያቆማችኋልም። ኮምፓይለሩ በዚያው ስም ቢታደስ ወይም ትናንት ያልነበረ ላይብረሪ ዛሬ ቢጫን ግን አያውቅም። ስለዚህ በፍተሻ አገልጋይ ላይ ስትጠቀሙበት የመሸጎጫውን መለያ ከሦስት ነገር ሥሩት፤ ከኮምፓይለሩ ስሪት፣ ከተጫኑት ጥቅሎች ዝርዝርና ከኮንፊገር ዶት ኤሲ ይዘት። ለሕዝብ የሚለቀቅ ጥቅል ስትገነቡ መሸጎጫ አትጠቀሙ።

ቅደም ተከተሉም ይህ ይሁን፤ መጀመሪያ አጽዱ፣ ከዚያ ሸጉጡ። ብዙ ሰው መሸጎጫውን መጀመሪያ ያበራል። ያኔ የማያስፈልጉት 300 ጥያቄዎች ከነስሕተታቸው ይሸጎጣሉ።

ሼሉን መቀየርም ትንሽ ይረዳል። ‹ኮንፊግ ሼል› የተባለው ተለዋዋጭ ‹ዳሽ›ን እንዲያመለክት ብታደርጉ ከ‹ባሽ› ይፈጥናል፤ ያ የሚሆነው ኮንፊገር ዶት ኤሲ ውስጥ የባሽ ብቻ የሆነ አጻጻፍ ከሌለ ነው።

ደረጃ 7፦ ኮዱ ራሱ መመለስ የሚችለውን ለኮዱ ተዉለት

አንዳንዱን ጥያቄ ኮምፓይለሩ በመደበኛ ሥራው መካከል፣ ያለ ተጨማሪ ፕሮሰስ፣ ይመልሰዋል። አንድ ሄደር መኖሩን በምንጭ ኮዱ ውስጥ የሚጠይቀው ‹ሃዝ ኢንክሉድ› በሲ++17 እና በሲ23 ስታንዳርድ ውስጥ ገብቷል፤ ጂሲሲና ክላንግ ግን ከዚያ በፊትም ያውቁታል። የጠቋሚ መጠንና የባይት ቅደም ተከተል በሁለቱም ኮምፓይለሮች ውስጥ አስቀድመው የተበየኑ ማክሮዎች ናቸው። ፕሮግራም ጽፎና አስኪዶ የባይት ቅደም ተከተልን መጠየቅ የሚያስፈልገው እነዚህን የማያውቅ ኮምፓይለር የምትደግፉ ከሆነ ብቻ ነው። አንድ ገደብ አለው፤ ሄደሩ መኖሩ ላይብረሪው ለሊንከሩ መገኘቱን አያረጋግጥም። ለላይብረሪ ፍተሻው ይቆይ።

ሲሜክና ሜሶን

መሣሪያ መቀየር ብቻውን አያድንም። ወደ ሲሜክ የተሻገሩ ፕሮጀክቶች አሮጌውን የፍተሻ ዝርዝር መስመር በመስመር ተርጉመው ሲያዛውሩት አይቻለሁ፤ ጥያቄው ያው ነው፣ የተለወጠው አጻጻፉ ብቻ ነው። ደረጃ 2 እና 3 ለሲሜክም ለሜሶንም እንዳሉ ይሠራሉ።

በሲሜክ ላይ በተለይ ሦስት ነገር ተመልከቱ። የመጀመሪያው ‹ፕሮጀክት› የሚለው ትእዛዝ ቋንቋ ካልተነገረው ሲንም ሲ++ንም መፈለጉ ነው፤ ፕሮጀክታችሁ ሲ ብቻ ከሆነ ጻፉለት። ሁለተኛው የፈንክሽን መኖርን የሚጠይቀው ትእዛዝ ሄደሩን የማያይ መሆኑ ነው፤ ሊንከሩ ስላገኘው ብቻ «አለ» ይላል፣ ሄደሩ ላይ ባይታወቅም። በምትኩ ምልክቱን ከነሄደሩ የሚጠይቀውን ተጠቀሙ። ሦስተኛው፣ ሲሜክ መልሶቹን ሁልጊዜ በግንባታው ማውጫ ውስጥ ይሸጉጣል፤ የሙከራ ፕሮግራሙን ብታርሙም አሮጌው መልስ ይቆያል። ከ3.24 ስሪት ወዲህ ‹ፍሬሽ› የሚል አማራጭ ስላለው ማውጫውን በእጅ መሰረዝ አያስፈልግም።

ለውጡን ስታስገቡ

ሁሉን በአንድ ለውጥ አታስገቡ። የማይነበቡትን ፍተሻዎች በአንድ፣ በወለሉ የተመለሱትን በየቤተሰባቸው፣ የኦቶኮንፍ እድሳቱን ለብቻው አድርጉ፤ የሆነ ቦታ ላይ ቢሰበር የትኛው እንደሆነ ‹ጊት ባይሴክት› በቀላሉ ያገኝላችኋል። ከእያንዳንዱ በኋላ ከግሊብሲ ሌላ የሲ ላይብረሪ በሚጠቀመው አልፓይን ሊነክስ፣ በፍሪቢኤስዲና በማክ ላይ ገንቡ። በአንድ የሊነክስ ስርጭት ላይ ብቻ ተሞክሮ «በሁሉም ቦታ አለ» የሚባል መልስ ዋጋ የለውም።

ከዚያ ሁሉ በኋላም አንድ ተጠቃሚ በአሮጌ ሥርዓት ላይ ግንባታው ተሰበረብኝ ብሎ ሊጽፍላችሁ ይችላል። ኮንፊግ ዶት ሎጉን እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ሥርዓቱ ከመረጣችሁት ወለል በታች ከሆነ በትሕትና ንገሩት፤ የትኛው የቀድሞ ስሪት እንደሚሠራለትም ጠቁሙት። ከወለሉ በላይ ከሆነ ያችን አንድ ፍተሻ ብቻ መልሱ። ከላይዋም የትኛው ሥርዓት፣ ከየትኛው ስሪት በፊት፣ ምን እንደሚጎድለው በአንድ መስመር ጻፉባት፤ «ከ2.38 በፊት ያለ ግሊብሲ ስትርኤልሲፒዋይ የለውም» እንደማለት። ያ ስሪት ከአገልግሎት ሲወጣ ቀጣዩ ሰው ፍተሻዋን ያለ ምርምር ይሰርዛታል።